የአባቴ ወላሂ

አዲስ ጨርቅ ሲሸተኝ ላብ ላብ ይለኛል። ባለፈው ከሚሴ ስወርድ አንዱ ሱቅ ገባሁና ባለሱቁ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የሒጃብ ጥቅል አውጥቶ ፊቴ ላይ አራገፈው። ያ የቀለምና የጋዝ የሚመስል ሽታ መጣ። "ይሄን ውሰጂ እታለም፣ አየር ያስገባል" አለኝ። አየር እንደማያስገባ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ መውረጃው ላይ ነው። አባቴ፣ ሰው ሁሉ ሙሄ የሚለው፣ የከብት ነጋዴ ነበር። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ይውላል፤ የቀረውን ቀን ጨፋ ወርዶ ከገበሬ ጋር ሲከራከር ያመሻል። የከብት ገበያ አይታችሁ ከሆነ ከከብቱ ይልቅ መሐላው ይበዛል። "ወላሂ ታሞ አያውቅም"፣ "ወላሂ ከዚህ በላይ ሰጥተውኝ እምቢ ብያለሁ" የማይል የለም። አባቴ ግን አይምልም። "በሬው ቆሟል፣ እየው፤ መሐላ ምን ያደርግልሃል?" ይላል። ሲምል የሰማው ሰው አልነበረም፤ በዚሁ የታወቀ ነው። "ከሙሄ ነው የገዛሁት" ካለ ሰው ጋር ማንም አይጨቃጨቅም። ሌላው ልጅ አባቱ ባለመኪና ስለሆነ ሲኮራ እኔ አባቴ ስለማይምል እኮራ ነበር።

እብጠቷን ያገኘኋት ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ነው። የማሽላው ቡቃያ ገና ከመሬት ብቅ ያለበት ጊዜ ነበር። እርጥብ እጄን አንገቴ ላይ ሳሳልፍ በቀኝ በኩል፣ ከትከሻዬ አጥንት ከፍ ብሎ፣ ሽምብራ የምታክል ነገር ከጣቴ ስር ሸሸች። አታምም። ስጫናት ትንሸራተታለች። መጀመሪያ የፓፓያ ፍሬ መሰለችኝ። ጓደኛዬ ረውዳ የፓፓያ ፍሬ የዋጠ ሰው ውስጡ ይበቅልበታል ብላኝ ስለነበር፣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ የቀረች አንዷ ናት ብዬ ብዙ ውኃ ጠጣሁ። ቀጥሎ ደግሞ ውኃ እኮ ነው የሚያበቅላት ብዬ መጠጣት ተውኩ።

ባቄላ ስታክል ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። በሰፈራችን ሎሚ የምትሸጥ እንቅርት ያለባት ሴት ነበረች። ስሟን የሚያውቅ ልጅ የለም፤ "እንቅርቷ" ነው የምንላት። ስታልፍ አንገታችንን ወደፊት አስግገን ከኋላዋ እንሄዳለን። እኔ ጎበዝ ነበርኩ በዚህ፤ ልጆቹ "ሰዓዳ ታድርገው" ብለው ያስቀድሙኝ ነበር። አሁን ሰዓዳ እራሷ ልታበቅል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎሚ ሻጯን ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ፤ ታውቅብኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የምለብሳት ከኋላ የምትቋጠር ትንሽ ሻሽ ነበረች፤ አንገት አትሸፍንም። አንድ ምሽት አባቴ ከገበያ እንደገባ እግሩን ሳጥበው "አባ፣ ትልቅ ሒጃብ ግዛልኝ፣ እስከዚህ የሚወርድ" አልኩት ደረቴን እያሳየሁ። ውኃውን ተወና አየኝ።

"ማን ነው አድርጊ ያለሽ?"

"ማንም።"

"በራስሽ ነው?"

"ኤዬ" አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እንደ ሻይና ስኳር ናቸው፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን ሁላችንም ወደ ኦሮምኛው እናዘነብላለን። አባቴ ሌላ አልጠየቀም። በሚቀጥለው ሰኞ ከባቲ ጥቁር አረንጓዴ ሒጃብ ይዞ መጣ፤ ያ ሽታው ያለበት። እናቴ ፊት እራሱ አለበሰኝና ከአገጬ ስር በመርፌ ቁልፍ ያዘው። "ማሻአላህ፣ ኢንተላ ኮ" አለ። ልጄ ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴን ሳስለቅስ የመጀመሪያዬ ነው፤ በምን እንዳስለቀስኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

የከሚሴን ሙቀት ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው። እኩዮቼ አንገታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ሲሮጡ እኔ ግድግዳ ጥላ ስር ቆሜ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰው ግን ሌላ ነገር አየ። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን "የሙሄን ልጅ አታዩም?" ይሉ ጀመር። የቁርኣን ቤት ኡስታዛችን አንድ ቀን አስነስተው አቆሙኝና "ማንም ሳያዛት፣ ዕድሜዋም ሳይደርስ፣ አላህን ፈርታ ተሸፈነች፤ ከሷ ተማሩ" አሉ። የረውዳ እናት በማግስቱ ረውዳን እንደኔ ሸፈነቻት። ረውዳ ለሳምንት አላናገረችኝም፤ አልፈረድኩባትም። ሰንበቴ ገበያ እንኳ አባቴን "የዚያች ልጅ አባት" ይሉት ጀመር። ሽማግሌዎች ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ወዳጃ እኛ ቤት ሲሆን አንደኛው አዛውንት አስጠርተውኝ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። እጃቸው ወርዶ አንገቴን እንዳይነካ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። አዛውንቱ ይህን ሐያእ ነው አሉ፤ ይሉኝታ፣ እፍረት። እፍረትስ እፍረት ነበር።

በውሸት መመስገን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ እውነት ሊያደርገው ይሞክራል ሰው። ሱና ሶላት ጨመርኩ። ሰኞና ሐሙስ ልጹም አልኩ። አላህ እብጠቷን ከወሰደልኝ ሒጃቡን ለሱ ብዬ እለብሰዋለሁ፣ ያን ጊዜ ውሸቴ ወደኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል ብዬ አሰላሁ። እሷ ግን የርግብ እንቁላል አከለች፤ ቀጥሎ እህት አመጣች። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚሉት በኔ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ልብሴ በላብ ተነክሮ እነሳለሁ፤ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፋኝ። ጾም ያከሳት መሰላቸው፤ ለዚያም መረቁኝ።

እናቴ ያየችው ማሽላው ሊታጨድ ሲደርስ፣ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ጸጉሬን ልትሠራኝ ስትል ነው። እምቢ ብል፣ ነገ ብል፣ ጡት የሚጠባ ወንድሜን አስይዛኝ ከኋላዬ መርፌ ቁልፉን ፈታችው። ማበጠሪያዋን አስቀመጠችና በሁለት ጣቷ ነካችኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አለችኝ።

"ሁለት ሳምንት" አልኩ። ለምን ሁለት ሳምንት እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ውሸት አንዴ ከወጣ ደግሞ እግር ያበቅላል። እናቴ ለአባቴ ሁለት ሳምንት አለችው፤ አባቴ ለጎረቤት፤ ጎረቤት ለሁሉ። መርፌ ቁልፉ ወግቷት ደም አቁሮ ነው ያለ ነበረ። ቅቤ ያሸኝ ነበረ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት ግን ዓይን ነው የሚለው ነው፤ ሲያመሰግኗት ማሻአላህ ሳይል የቀረ ሰው አለ፣ በዓይን በሏት አሉ። በሽታዬም የጽድቄ ምስክር ሆነልኝ። የዚያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ደሴ ወሰዱኝ። ከአንገቴ ትንሽ ቆርጠው ለምርመራ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አባቴን ለብቻው አስገብቶ አነጋገረው፤ አባቴ ሲወጣ በር ላይ አውልቆት የገባውን ጫማ ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ነበር። እናቴ ሕፃኑን ይዛ ከሚሴ ቀረች፤ እኔና አባቴ አዲስ አበባ ሄድን። እዚያ ስንደርስ በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሼ ያፏጭ ጀምሮ ነበር።

የተኛሁት የሆስፒታሉ የልጆች ክፍል ነው። ከአልጋዬ አጠገብ ማርታ የምትባል ሰባት ዓመት የማይሞላት፣ ጸጉር የሌላት ልጅ ነበረች፤ እናቷ እትዬ አስካለ ከጎኗ አይለዩም። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። በገባን በማግስቱ ነርሷ መጣችና "ሰዓዳ ሙሄ?" አለች። አቤት አልኩ። "ነገ ኬሞ ነሽ" ብላኝ አለፈች።

በእኛ መንገድ ላይ የሚሠሩ ሚኒባሶች ረዳቶች ከሚሴን ሙሉውን አይጠሯትም። ከደሴ መናኸሪያ ጀምረው "ኬሞ፣ ኬሞ፣ ሁለት ሰው የቀረው ኬሞ!" ይላሉ። ስለዚህ ነገ ኬሞ ነሽ ስባል ነገ ቤቴ ነኝ አልኩ። አይተውኝ፣ ምንም የላትም ብለው ሊመልሱኝ ነው። ቀሚሴን አጣጠፍኩ። የተረፉኝን ብርቱካኖች ለማርታ ሰጠኋት። እትዬ አስካለን "እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ እኛ አገር ከመጡ ቤታችንን ሙሄ የከብት ነጋዴ ብለው ይጠይቁ" አልኳቸው።

"ወዴት ልትሄጂ ነው ልጄ?"

"ኬሞ ነሽ አሉኝ እኮን። ነገ።"

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። "ኬሞ መድኃኒቱ ነው እናቴ፤ በግሉኮስ የሚሰጠው። ማርቲዬ የምትወስደው" አሉኝ። ማርታም ብርቱካኗን እየላጠች "ጸጉር ይበላል" አለች። ቀሚሴን እንደገና ፈታሁ። ብርቱካኖቹን መልሱ ማለት ደግሞ አይሆንም።

በማግስቱ ጠዋት እኔና አባቴን ወደ ዶክተሯ ክፍል አስገቡን። ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ። አባቴ ሴት በመሆኗ አላህን አመስግኖ እሱ ራሱ ሒጃቤን እንድገልጥላት ነገረኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዶክተሯ አንገቴን፣ ብብቴን፣ ሆዴን ዳሰሰች። ከዚያ የደሴውን ወረቀት አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

"አባት፣ ይሄ እብጠት መቼ ነው የጀመራት?"

"እናቷ ስታይ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ደሴ ስንመላለስ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲያው አንድ ችግር አለ" አለች። "ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስ እያለ የሚያድግ ዓይነት ዕጢ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ እዚህ አይደርስም። ወይ ጊዜው ተሳስቷል፣ ወይ ውጤቱ ከሌላ ሰው ተቀያይሯል። የሌላ ሰው ውጤት ከሆነ የሌላ ሰው መድኃኒት ልሰጣት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንጀምርም፤ እንደገና ናሙና እንወስዳለን።"

"ስንት ቀን ይወስዳል?"

"ወር ሊፈጅ ይችላል። መተንፈሻዋን እየተጫነ ስለሆነ መዘግየቱን እኔም አልወደውም። ግን እየተጠራጠርኩ አልጀምርም።"

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ዛሬ መርፌ የለም፤ ጸጉሬም አይበላም። ዝም ብል ይሄ ሁሉ ይቀርልኛል። አባቴ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር።

"ዶክተር፣ ልጄ አትዋሽም" አለ። "ይሄን ሒጃብ ማንም ሳያዛት፣ አላህን ፈርታ የለበሰች ልጅ ናት። አገር ያውቃታል። ሁለት ሳምንት ካለች ሁለት ሳምንት ነው።" ዶክተሯ ልትመልስ ስትል እጁን አነሳ። "ወላሂ ነው የምልሽ፤ ሁለት ሳምንት ነው።"

እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት። ሰንበቴ ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ስንት በሬ ሲሸጥ ያላወጣትን ቃል እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አወጣት፤ በኔ ውሸት ላይ። ኡስታዛችን በሐሰት የማለ ሰው ቃሉ በግራ ትከሻው ባለው መልአክ እጅ ይጻፋል ብለው አስተምረውን ነበር። የአባቴን ግራ ትከሻ አየሁት። አሮጌ ኮቱ ነው ያለው፣ ስፌቱ የተተረተረ። አሁን እየተጻፈ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መናገር አለብኝ አልኩ።

"አባ፣ ሁለት ሳምንት አይደለም።"

ዞረ።

"ማሽላው ሲበቅል ነበረች። ያኔ ሽምብራ ታክላለች።"

ዶክተሯ ቀስ ብላ "ይሄን ያህል ወር ማንም እንዴት አላየሽም?" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ መጠየቅ ስላለባት ነው። የሒጃቤን ጫፍ ይዤ ጫማዬን እያየሁ "ለዚህ ነው የለበስኩት" አልኩ። "እንቅርቷ እንዳይሉኝ ነው።"

ቀና ብዬ አባቴን ላየው አልቻልኩም። ኡስታዙ፣ የረውዳ እናት፣ አዛውንቱ፣ የሰንበቴ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ክፍል ገብተው የቆሙ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

"ዱጋ?" አለኝ በመጨረሻ። እውነት ነው? ማለቱ ነው።

"ኤዬ።"

ወደ ዶክተሯ ዞረ። ድምፁ ሸክም እንደያዘ ሰው ነበር። "ልጅቱ ያለችውን ጻፊው። የኔን ሰርዢው።"

ዶክተሯ ጻፈች። ሌሎች ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፤ ማታ ማታ ያልብሽ ነበር? ክብደት ቀንሰሻል? ያሳክክሽ ነበር? ሁሉንም መለስኩ። እያንዳንዱን አዎ ስል አባቴ ከጎኔ በትንሹ ሲያጎነብስ ይሰማኛል። "እንግዲያው ወረቀቱ ልክ ነው፤ ዛሬ እንጀምራለን" አለች።

መድኃኒቱ ከረጢቱ ውስጥ ሲታይ ቀይ ነው። ነርሷ እጄ ላይ ሥር ፈልጋ ካገኘች በኋላ አብሺሪ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኛ አገር ሐኪም ሁሉ እንደዚያ ይላል። እሷ "አይዞሽ" አለችኝ። መጀመሪያ ቅዝቃዜው ክንዴን ይዞ ወጣ። ከዚያ አፌ ውስጥ ሳንቲም የላስኩ ያህል ሆነ። ከሰዓት በኋላ ማስመለስ ጀመርኩ። ሒጃቤ ተበላሸ፤ ነርሷ አውልቃ ወሰደችው። አንገቴ ከነእብጠቱ ለክፍሉ ሁሉ ታየ። ማርታ አየችኝና ወደ ብርቱካኗ ተመለሰች። ማንም ምንም አላለም። ይሄን ሁሉ ወር የፈራሁት ይሄው ነበር።

ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ደግሞ ሌላ መጣ። ሽንቴ ቀይ ነበር። ደም መሰለኝ፤ አላህ ቀጣኝ አልኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ሊደብቀው ወደ አልጋው ይሄዳል፤ ግን ሁለተኛ መደበቅ ፈራሁ። ለአባቴ ነገርኩት፣ ወለሉን እያየሁ። ጨርሼ ሳልናገር ነርሷን ጠርቶ ነበር። "የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ይጠፋል" አለች። አባቴ ተነፈሰና ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይሄ አልነበረም። አባቴ የዶክተሯ ክፍል ውስጥ ስለሆነው አንድ ቃል አላነሳም። ማስታጠቢያውን ይይዛል፣ ይደፋል፣ አጥቦ ይመልሳል። ሙስበሃውን፣ መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል። በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ዳቦ ቆርሰው "ይቅመሱ አቶ ሙሄ" ሲሉት "ይብቃኝ፣ ያብዛው" አለ። ለምሳም እንደዚያው። ቤታችን ውስጥ ይሄን አውቀዋለሁ። አባቴ ሲቆጣ አይጮኽም፤ አይማታም። ከማዕድ ይነሳል። ታላቅ ወንድሜ ትምህርት ሲያቆም እንዲሁ አደረገ፤ ሰሃኑ ከነምግቡ ተነሳ፣ ወንድሜም ለብቻው በላ። አሁን ተራው የኔ ነው። ከሰው ሁሉ ጋር ተጨዋውቶ ከኔ ጋር አይበላም።

እኔም የሚበላ ነገር ሲሸተኝ ይገለብጠኝ ስለነበር ለሁለታችን የመጣው ምግብ እንደተከደነ ይመለሳል። ዶክተሯ ስትዞር "ካልበላች የሚቀጥለውን አትችለውም" ብላ አባቴን አስጠነቀቀችው። እትዬ አስካለ አጥሚት ሠርተው አመጡ። አባቴ ኩባያውን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ጠጪ።"

"አንተ አትበላም" አልኩት። "አባ፣ ተቆጥተህብኝ ነው። ከኔ ጋር ላለመብላት ነው።"

ገርሞት አየኝ። "ኧረ ጾመኛ ነኝ እኮን" አለ።

"ረመዳን አይደለም።"

"ከፋራ ነው፣ የመሐላ ካሳ።" ኩባያውን በሁለት እጁ አዞረው። "ወላሂ አልኩ፣ ሐሰት ሆነ። ድሃ ላበላ ብል ከአገሬ ርቄያለሁ። ስለዚህ እጾማለሁ።"

ይሄን እኔ አውቅ ነበር። የቁርኣን ቤት ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ለዚህ እንኳ ልጥቀመው ብዬ ተንጠራራሁ። "ኡስታዝ እውነት መስሎት የማለ ሰው አይጻፍበትም ብለዋል። አንተ አላወቅክም ነበር። ያወቅሁት እኔ ነኝ። ካስፈለገ እኔ ልጹም።"

አባቴ ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ኡስታዙ ልክ ናቸው" አለ። "የሰው በሬ ቢሆን አላወቅሁም ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ያንቺን ግን እንዴት አላወቅሁም እላለሁ? ማሽላው ከበቀለ እስኪታጨድ ከአንድ ሰሃን ስንበላ ነበር። ከስተሻል፣ አላየሁም። አልቦሻል፣ አላየሁም። ሰው ልጅህ ልጅህ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ጨርቁን ነበር የማየው። አላህ ይቅር ቢለኝ እንኳ እኔ አፍሬያለሁ፣ ሰዓዳ።"

እኔ ብቻ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። አባት ልጁን እንደሚያፍር አላውቅም ነበር።

"የኔን ምሳ አንቺ ጠጪልኝ" አለና ኩባያውን አፌ ላይ አደረገ።

ጠጣሁ። ሦስት ጉንጭ እንደዋጥኩ ተመለሰ። አባቴ በአንድ እጁ ግንባሬን፣ በሌላው አንገቴን ደገፈኝ፤ መዳፉም ትክክል እሷ ላይ፣ እብጠቷ ላይ አረፈ። ነክቷት አያውቅም። አፍሬ አንገቴን ላሸሽ ስል "ተዪው፣ ያዝኩሽ" አለኝ፤ እጁንም አላነሳም። ስጨርስ አፌን ጠረገልኝ። የቀረውን አጥሚት አነሳ፣ እኔም እንደገና ጠጣሁ።